ወንድሟ አልነበረም

ቤዛ ዓረብ አገር፣ ሱለይማኒያ ውስጥ ወዳለው ቪላ በሠራተኝነት የገባችው እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ፣ የማዳምን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ መኪናው ውስጥ አለቀሰች። ሾፌሩ ዘመድኩን በመስታወቱ አያት። ዕንባዋን እስክትጠርግ መንገዱን አራዘመላት።

«አይዞሽ እህቴ» አላት በር ላይ ሲያወርዳት።

በሩ ላይ የቆመችው ማዳም «እህቴ» የሚለውን ቃል ከቀድሞ ሠራተኞቿ ለምዳው ነበር። «የእናትህ ልጅ ናት?» አለችው ተገርማ። ባዕድ ወንድና ሴት እንዲያወሩ የማይፈቀድበት ቤት ነውና «አዎ» አለ።

«በስምህ አመካኝተህ ዘመዴ ሆነህ ቀረህ!» ብላ ሳቀችበት ቤዛ።

ፍቅሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮንትራታቸውን ጨርሰው፣ አገራቸው ገብተው፣ ቄስ ፊት ሊቆሙ ተስማሙ።

አንድ ቀን ከፊላቸው፣ ቪዛቸውን በስሙ የያዘው የማዳም ባል፣ ቤዛ መኪና ለሚያጥበው ዘመድኩን ውሃ ስትሰጠው በመስኮት አየ። እህት ወንድሟን እንደዚያ አታይም።

«ባሏ ተጠራጥሮ ነግሯታል፤ ማዳም ልትጠይቅሽ ነው» አላት ዘመድኩን። «ወንድሜ ነው በያት። ኸላስ፣ አለቀ! አንዲት ቃል ናት። እግዚአብሔር እንደሆነ ችግራችንን ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። የማታውቀው እሷ ናት። ልጆቿን አምናን የሰጠችን እሷ ናት።»

«እኔንስ አትወጂኝም?»

ፊቷን አዙራ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

በማግስቱ ማዳም የወጥ ቤቱን በር ዘግታ ጠየቀቻት። ቤዛ በልቧ ጸለየች።

«ወንድሜ አይደለም፣ ማዳም። የምወደው ሰው ነው። ቤትሽን አላረከስንም፤ ግን ዋሽተንሻል። እሱ ጀመረው ብዬ አላመካኝም፤ እኔም ዝም ብዬ ኖሬበታለሁ። ብትቆጪ እውነት አለሽ። ከቻልሽ በእሱ አትጨክኚበት።»

ማዳም የዘጋችውን በር መልሳ ከፈተችው።

«ምነው በዋሸሽኝ» አለች። «ባሌን እኔ ዝም አሰኘው ነበር።»

ከፊሉ እውነቱን ሲሰማ ቤዛን ለልጆቹ ሲል አስቀራት። ዘመድኩንን ግን ላይመለስ የመውጫ ቪዛ አስመታለት።

ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ሲቆም «ተቀየምከኝ?» አለችው።

«አንቺን እንኳ አልዋሽሽም ቤዛዬ። ተቀይሜሻለሁ። እወድሻለሁም።»

አገሩ ጎንደር ገብቶ ጥቂት ወራት ደወለላት። ከዚያ ስልኩ መጥራት አቆመ። ወደ ሱዳን ተሻገረ የሚል ወሬ ሰማች፤ ከወሬው በቀር ግን ምንም አልመጣም።

ማዳም የቤቱን ቁልፍ ሁሉ አስረከበቻት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ ልጅ አትዋሽም» እያለች ታሞግሳት ጀመር። እንደ ፈረንጆቹ በ2016 አንድ ቀን፣ እንግዶቹ ሲሄዱ፣ የቤዛን ፊት አየት አደረገችና፦

«ያን ቀን የጠየቅሁሽን አሁን ብጠይቅሽስ፣ ያንኑ እውነት ትነግሪኝ ነበር?» አለቻት።

ቤዛ የእንግዶቹን ሲኒዎች ሰበሰበች።

«አዎ፣ ማዳም» አለች።

ከዚያ ወጥ ቤት ገባች። ልቅሶዋ እንዳይሰማ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።