ማሻአላህ ያላልኩላት ሐረግ

እኔ እንኳን ስለ ቡዳና ስለ ሰው ዓይን ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ «ዓይን የሚበላ ቢሆን ኖሮ እኔ ወንደላጤው ሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሜ እጠግብ ነበር» እያልኩ ስንቱን አሹፌበታለሁ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ከእናቴ ዓይን ሲሸሽጉ አይቻለሁ፣ የምስቀውም ለዚያ ነበር።

ሞባይል ገና በየኪሱ ሳይገባ ነው፣ አቃቂ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራሁ እትዬ ዘይነባ ግቢ ተከራይቼ እኖር ነበር። እትዬ ዘይነባ ከስልጤ የመጡ፣ በር ላይ ሱቅ ያላቸው፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሴት ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ በወተት ቆርቆሮ የተከሏት ሐረግ አለቻቸው፣ በሲባጎ ተይዛ ከመስኮቱ እስከ ቡፌው አናት ግድግዳውን የዞረች፣ ሮዝ አበባዋ ከሰም የተሠራ የሚመስል። ልጃቸው ቡታጅራ ልትወልድ ስትደርስ ሊያርሷት ሄዱና ቁልፉንም ሐረጓንም ለእኔ ተዉ።

«አፈሩ ካልደረቀ አታጠጣት፣ ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግላት፣ ቦታ እንዳትቀይርባት፣ ትኮርፋለች» አሉኝ፣ በሩ ላይ ደርሰው ደግሞ ዞር ብለው፣ «አበባዋን ስታይ ማሻአላህ በል፣ ዝም ብለህ አታድንቅ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።»

«እንግዲያው በራስህ አፍ እግዜር ይጠብቅሽ በላት። ምን ቸገረህ?»

ሳቄን ውጬ እሺ አልኩ።

እንዳሉኝ ተንከባከብኳት። አንድ ቀን ከሰዓት ከሥራ ተመልሼ በሩን ስከፍት አበባው ሁሉ ፈንድቶ ቤቱን ሽታ ሞልቶታል። «አቤት ስታምር፣ እንዲህ ያለ አይቼም አላውቅ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አንድ ዘለላ ፕላስቲክ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። ይርገፍ፣ አበባ አይደል? ቀና ብዬ ቀጣዩን አየሁት፣ እሱም ጠብ አለ። ልብ በሉ፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ሐረጓን የነካት የለም፣ የወደቁትም ጨርሶ አልጠወለጉም። ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ፣ ጸጥ፣ ውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ብቻ ይሰማል። እስቲ ልሞክር ብዬ ቡፌው አናት ላይ ያለውን ትክ ብዬ አየሁት፣ ወደቀ።

አንድ ዘለላ ብቻ ሲቀር «ማሻአላህ» አልኩ። እሱ አልወደቀም። ቢወድቅ ይሻለኝ ነበር፣ ሐረጓ ታማ ነው ብዬ እገላገል ነበር። ያን ሰዓት እናቴን ተጠራጠርኳት፣ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፣ በሕይወት የሌለች እናቴን።

እትዬ ዘይነባ ልጃቸውንና አራሱን ሕፃን ይዘው ተመለሱ። አንገቴን ደፍቼ ሳገኛቸው «አበባ ረግፎ ይተካል፣ ይሄ ምን ያሳፍራል?» ብለው ሳቁና ሕፃኑን አሳቀፉኝ።

«እየው እስቲ፣ እኔን አይመስልም?»

ማሻአላህን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፣ ግን ዓይኔ ከቃሉ ቢቀድምስ? ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ልጁን መለስኩላቸው።

«ልጃችንን ተጸየፍከው?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ቁልፋቸውን ቡፌው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም ልጄ ብለው አልጠሩኝም።

ከግቢው ብወጣም ከሰፈሩ አልራቅኩም። ልጁ እዚያው አያቱ ዘንድ አድጓል፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል፣ ጨዋ ነው፣ እኔም መሬት መሬት እያየሁ እመልስለታለሁ። ጫማው ከዓመት ዓመት ሲተልቅ አይቻለሁ። ማንን እንደሚመስል ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።