አንባቢን የሚቀብር መብራት

መምህሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ከጆሮው ጀርባ በከባድ ነገር ተመትቷል። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የዘላቂ ልማትን መግቢያ ያስተምር ነበር፤ የተፈጥሮን ብርሃን ተጠቀሙ እያለ የሚሰብክ፣ ለራሱ ግን መስኮት የሌላት ጠባብ ቢሮ የደረሰችው ሰው።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይዘው ነበር። ትናንት ከመምህሩ ጋር ስትጨቃጨቅ ኮሪደሩ ሙሉ ሰምቷል። እናቷ ከግቢው በር ውጭ ቆማ ታለቅሳለች።

«ምን አጣላችሁ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ፕሮጀክቴ ነዋ። ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ፣ ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው የሚጠፋ መብራት ሠርቼ እዚሁ ቢሯቸው ገጠምኩ። ከውጤት ጣሉኝ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለው ሲያነቡ እየጠፋ አስቸገራቸው። ‹ያንቺ መብራት አንባቢን በቁሙ ይቀብራል፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጄን ሳወናጭፍ ልዋል?› ብለው ሳቁብኝ። ተናድጄ ጮኽኩ። በኋላ ግን አስተካክለሽ አምጪ፣ እንደገና አየዋለሁ ብለውኝ ነበር።» እንባዋን ዋጠች። «አሁን ማን ያየዋል?»

መብራቱን ስትገጥም መሰላል የያዘላት የላቦራቶሪው ረዳት ቃሏን አረጋገጠ። ሌላም ነገር ጨመረ፦ የላቦራቶሪው ቆሻሻ በድብቅ ቱቦ ከኮሌጁ ጀርባ ወዳለው ወንዝ ይፈስሳል፤ መምህሩ ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቹን ወስዶ ሊያሳያቸው ነበር፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን ጓዳችንን ለልጆች አታሳይ ብሎ ሲቆጣው ሰንብቷል።

ኃላፊው ሰውን የሚያባብል ድምፅ ነበረው።

«ትናንት አመሻሽ ላይ በበሩ መስታወት አየሁት። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። እንቅልፍ ጥሎት ነው ብዬ አለፍኩ።»

«ወዲያው አለፉ?»

«አይ፣ አሳዝኖኝ ቆም ብዬ አየሁት እንጂ።»

«ሌላ ሰውስ?»

«ማንም። ኮሪደሩም ጭር ብሎ ነበር።»

መርማሪዋ ብቻዋን ሆና በሟቹ ወንበር ተቀመጠች። አገጯን በመዳፏ ደግፋ ስታሰላስል ክፍሉ ጨለመ። እጇን አነሳች፤ በራ።

ሦስቱንም አስጠራቻቸው። ተማሪዋንና ረዳቱን በሩ አጠገብ አቁማ ኃላፊውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«እባክዎ አይንቀሳቀሱ። መብራቱ የሚያየው ይህን ጠረጴዛና ዙሪያውን ብቻ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ ጨለመ።

«ተኝቶም ይሁን ሞቶ፣ ሰው እንዲህ ሲደፋ መብራቱ ይጠፋል» አለች። «እርስዎ ግን ቆመው ሲያዩት በርቶ ነበር። እንግዲያው አጠገቡ የሚንቀሳቀስ ሰው ነበር። በበሩ መስታወት ክፍሏ በሙሉ ትታያለች፤ እርስዎ ግን ማንንም አላዩም። የሚንቀሳቀሰው እርስዎ ራስዎ ስለነበሩ ነው።»

«ልጅቷስ?» አለ ኃላፊው፤ ድምፁ ደርቋል።

«እሷ ሠርታዋለች፤ ረዳቱ መሰላል ይዞላታል። ሁለቱ ሊዋሹ ቢፈልጉ እንኳ በዚህ አይዋሹም። የመብራቱን ጠባይ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሲንቀሳቀሱ በራልዎ፤ እንደ ሌላው አምፖል ሁሌ የሚበራ መሰለዎት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ቱቦው ሊወርድ ነበር።»

ኃላፊው በጨለማው ውስጥ ንቅንቅ ሳይል ቆየ። በመጨረሻ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። መብራቱ ቦግ አለ።

«እንዲተወው ለመንኩት» አለ። «ሳቀብኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። መርማሪዋ ለተማሪዋ እናቷ ከግቢው በር ውጭ እየጠበቀቻት መሆኑን ነገረቻት። ልጅቷ ግን ወዲያው አልሄደችም። ከመምህሯ ወንበር ፊት እጆቿን አጣምራ፣ መብራቱ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ሳትነቃነቅ ቆመች።