ቢጫው ጥፍር

ዶክተር ደምሰው መካኒሳ በሚገኘው ቤቱ ሳሎን ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል፤ ዘነዘናው ከነደሙ አጠገቡ ወድቋል። መርማሪው ሻምበል ላቀው ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ።

«ገዳዩን ይዘነዋል ጓድ ሻምበል» አለ የአብዮት ጥበቃው፣ እጁ የፊጥኝ የታሰረ ወጣት እየገፈተረ። «ሞልቱ ይባላል። ትናንት ሟቹን ሲያንቀው ጎረቤት አይቷል።» የሞልቱ ከንፈር በሰደፍ ተተርትሯል።

እህቱ ሸጊቱ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ የዓይኗ ነጩ ሳይቀር ቢጫ ሆኗል። ጉበቷ አልቋል። ደምሰውና ሚስቱ ዶክተር አፀደ በገጠር ጤና ጣቢያቸው ሲያክሟት ቆይተው፣ ውጭ አገር ሄዳ ጉበት እንዲቀየርላት ይዘዋት መጥተዋል። የሐኪሞች ቦርድ ነገ ጠዋት ይሰበሰባል፤ የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያከመው ሐኪም ቆሞ ያላስረዳለትን በሽተኛም አያይም።

«ለምን አነቅኸው?» አለ ላቀው ሞልቱን።

«እሱም ጉበቴን ታምሜያለሁ የሚለውን የሚስቱን ወንድም ሊያስቀድም ነው አሉኝ፤ አበድኩ። እሱ ግን ‹ከሸጊቱ በፊት ማንንም አላቀርብም› ብሎ ማለልኝ። ታዲያ እሱን ገድዬ እህቴን ማን ያቀርብልኛል? ሚስቱ ወንድሟን ትታ ለእኛ ትቆማለች?»

ላቀው የሟቹን እጅ አነሳ። ጥፍሮቹ ሥር ቢጫ ነገር ገብቷል። አሸተተው። በዘነዘናውም ጫፍ፣ ከደሙ በላይ፣ ያንኑ ቢጫ አየ።

«ዶክተር፣ ሰሞኑን ወጥ ሠርተሻል?»

«ኧረ የለም» አለች አፀደ ከባሏ ሬሳ ራስጌ። «ከመጣን ጎረቤት ነው የሚያበላን።»

ወንድሟ አምሐ ጓዳ ተኝቷል፤ ፊቱ ቢጫ፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መነጽር።

«ብርሃን ያመኛል» አለ እያቃሰተ። «ጉበቴ ነው።»

«እስቲ ሳሎን እንሰባሰብ» አለ ላቀው።

ሁሉም ሲሰበሰቡ መሐረቡን አርጥቦ የሸጊቱን ግንባር ጠረገ። መሐረቡ እንደነጣ ቀረ። የአምሐን ሲጠርግ ግን ቢጫ ሆነ። መነጽሩን ነጠቀው፤ ዓይኖቹ ከወተት የነጡ ናቸው። አንገቱ ላይ የጥፍር ቡጭሪያ አለ።

«እርድ ነው» አለ ላቀው። «ወጥ ባልተሠራበት ቤት እርድ የወቀጠ ማነው? የጉበት ቢጫ ከውስጥ ይመጣል፣ ዓይን አይምርም፣ ጥፍርም አይፍቀውም። ደምሰው ዛሬ ጠዋት አንገትህን ይዞ ሲፍቀው ማታለልህን አወቀ። ‹አላቀርብህም› አለህ፤ ዞር ሲል በወቀጥክበት ዘነዘና መታኸው። ስለት ድጉሱን፣ ክፋት ራሱን!»

«ለውትድርና ተመልምያለሁ!» ጮኸ አምሐ። «ውጭ ካልወጣሁ ግንባር ሄጄ ልሙት? እሷ እንደሆነች መሞቷ አይቀርም!» ዘሎ የሸጊቱን ጉሮሮ አነቀ። ሞልቱ እጁ እንደታሰረ በግንባሩ ፊቱን መታው፤ የአምሐ አፍንጫ ተሰበረ፣ ሁለት ጥርሱ ወለሉ ላይ ረገፈ። የአብዮት ጥበቃው አምሐን እየጎተተ አወጣው።

«እህቴ!» አለ ከደጅ። አፀደ ዞር ብላ አላየችውም። የባሏን ዓይን ከደነች፤ ነጠላዋንም አዘቅዝቃ ለበሰች። ሞልቱ አንገቱን ደፋ፤ ሐዘንተኛ ሴት ምን ብሎ ይለምናል?

«ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው» አለች አፀደ። ከዚያ ሸጊቱን ብብቷን ይዛ አነሳቻት። «ቦርዱ ጠዋት ነው። እኔ ነኝ የማቀርብሽ።»