ወላቄ እፍ ያለችበት ጉንዳን

ወላቄ ሰባት ዓመቷ ነው። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን የፊት ጥርሶቿ ባንድ ሰሞን ስለወለቁ ቤተሰቡ ሁሉ እንደዚያ ይጠራታል። እሷም አትቀየምም። እንዲያውም እንግዳ ሲመጣ ከንፈሯን ገልጣ ድዷን ማሳየት ትወዳለች።

አባቷ መነጽር ሠሪ ነው። ቤታቸው ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ትልቅ መስኮት ያላት የፊተኛዋ ክፍል የአባቷ መሥሪያ ናት። በጠረጴዛው ላይ መስተዋቶች፣ ባዶ የመነጽር እግሮች፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ብሎኖችና አንድ ትልቅ አጉሊ መነጽር አሉ። ለወላቄና ለታናሽ ወንድሟ ሕጉ አንድ ነው፦ በዓይን ማየት ይቻላል፤ በእጅ መንካት አይቻልም።

ታናሽ ወንድሟ ገና አራት ዓመቱ ነው። ክብ ስለሆነ ድቡልቡል ይሉታል። ወላቄ የምትለውን ሁሉ ያምናል። ፀሐይ የምትተኛው ከጎረቤት ቤት ጀርባ ነው ብትለው እንኳ ሄዶ ይፈልጋታል።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ልጆች አግዳሚ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ የሚያስተምሯቸው መነኩሲት፣ ሲስተር፣ ተነሥተው መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጉ። በሩንም ዘጉት። ክፍሉ ጨለመ። መጀመሪያ ልጆቹ ተሳሳቁ። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

ሲስተር በጨለማው ውስጥ ቀስ ብለው ተናገሩ። «አሁን ክፍሉ የለም በሉ። ግቢውም የለም። ዛፍ የለም፣ ወፍ የለም፣ እናትና አባት የሉም። ቀን የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ያለው እግዚአብሔር ብቻ ነው።»



«እግዚአብሔርም፦ ብርሃን ይሁን! አለ።» ይሄን ጊዜ ሲስተር መስኮቱን ባንዴ ወለል አድርገው ከፈቱት። ብርሃኑ እንደ ውኃ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። ልጆቹ ሁሉ «ኧ!» አሉ። ወላቄ ሰውነቷን ወረራት። ብርሃንን ከዚያ በፊት በየቀኑ አይታው ታውቃለች፤ አስተውላው ግን አታውቅም።

ሲስተር ስለ ሰማዩ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ዕፅዋቱ፣ ስለ ፀሐይና ጨረቃ፣ ስለ ዓሣና ስለ ወፍ፣ ስለ እንስሳት ሁሉ ነገሯቸው። በስድስተኛው ቀን እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ እንደፈጠረ፣ ከአፈር እንዳበጀውና የሕይወት እስትንፋስ እፍ እንዳለበትም ነገሯቸው። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

«በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችሁ እግዚአብሔር ከሠራው አንድ ነገር ምረጡ። አተኩራችሁ እዩት። የዛሬ ሳምንት ያያችሁትን ትነግሩናላችሁ።»

ወላቄ እቤት እንደደረሰች ለድቡልቡል ሁሉንም አወራችለት። «ጭቃ ነበር እኮ! ከዚያ እፍ ሲልበት ሰው ሆኖ ተነሣ!»

«እንደ ፊኛ?» አለ ድቡልቡል።

«እንደ ፊኛ አይደለም! እንደ… እንደ አንተ!»

ድቡልቡል ሆዱን እያየ ብዙ አሰበበት።

ቅዳሜ ከሰዓት አባታቸው የጠገነውን መነጽር ለባለቤቱ ሊያደርስ ወጣ። እናታቸው በጓሮ ልብስ ታጥባለች። ወላቄ ገና ምንም ነገር አተኩራ አላየችም። ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «ክፉ ነገር እኮ አይደለም፤ ለትምህርት ነው» ብላ ለራሷ ነገረች። ልጆች፣ እንዲህ ያለ ወሬ ለራሳችን የምናወራው መቼ ነው? ታውቁታላችሁ። አጉሊ መነጽሩን አንሥታ ወንድሟን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

መጀመሪያ ያዩት ነገር ሁሉ ድንቅ ነበር። ቅጠሉን ሲያዩት ውስጡ መንገድ በመንገድ ነው። የድቡልቡል የጣት ጫፍ የታረሰ ማሳ ይመስላል። ከዚያ በበሩ ደፍ ላይ ጉንዳኖች ሲሄዱ አዩ። አንደኛው ከራሱ የሚበልጥ የዳቦ ፍርፋሪ ተሸክሟል። ይወድቃል፣ ይነሣል፣ መልሶ ይሸከማል።

«እሱ የኔ ነው» አለ ድቡልቡል። «ጎበዝ ነው።»

ወላቄ መነጽሩን አቀረበችለት። ጉንዳኑ ትልቅ ሆነ! እግሮቹ መገጣጠሚያ አላቸው። ከራሱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት ቀንዶች ወጥተው መሬቱን ይዳስሳሉ። ሌላ ጉንዳን ሲያገኝ በቀንዶቹ ነካ ያደርገዋል፤ ሰላም የሚለው ይመስላል። ሆዱ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው።

«ማን ነው እንዲህ የወለወለው?» አለ ድቡልቡል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ታሪኩ በደስታ ባለቀ ነበር።

ግን ፀሐይዋ በመነጽሩ አልፋ መሬት ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ሠራች። ወላቄ እጇን ስታንቀሳቅስ ነጥቧም ትንቀሳቀሳለች። ደረቅ ቅጠል ላይ አሳረፈቻት፤ ቅጠሉ ጨሰ። ወላቄ ልቧ ዘለለ። ብርሃን ታዘዘላት!

«ብርሃን ይሁን!» አለች ድምፅዋን አወፍራ።

ነጥቧን ወደ ጉንዳኖቹ መንገድ ነዳቻት። ጉንዳኖቹ ተበተኑ። ሳቀች።

«ተይ!» አለ ድቡልቡል።

«ዝም በል። የማዘው እኔ ነኝ።»

ፍርፋሪውን የተሸከመው ጉንዳን አልሸሸም። ሸክሙን መተው አልፈለገም መሰለኝ። ነጥቧ ደረሰችበት። እግሮቹን ሰበሰበ፣ ኩርምት አለ፣ ፍርፋሪው ከላዩ ወደቀ።

ድቡልቡል ተንበረከከ። «ተኛ?»

ወላቄ ጉንዳኑን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«አስነሺው።»

«አይነሣም።»

«እፍ በይበት!» አለ ድቡልቡል። «እግዚአብሔር እፍ ሲል ተነሣ አላልሽም? እፍ በይበት!»

ወላቄ ወደ ወንድሟ ፊት አየች። እየቀለደ አልነበረም። ከልቡ አምኗታል። እሷም ጉንዳኑን አንሥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችውና ቀስ ብላ እፍ አለች። ምንም የለም። ጠንከር አድርጋ እፍ አለች። ጉንዳኑ እንደ ገለባ ተገለበጠ።

«በደንብ አላልሽም» አለ ድቡልቡል። «እንደገና!»

በአጉሊ መነጽሩ አየችው። እግሮቹ አሉ። ቀንዶቹ አሉ። የሆዱ ማብለጭለጭ እንኳ እንዳለ ነው። ሁሉም ነገር አለ፤ አንድ ነገር ብቻ የለም። ያ አንድ ነገር ከየት እንደሚመጣ፣ ወዴት እንደሄደ ወላቄ አታውቅም። ማንም ሰው ሊያመጣላት እንደማይችል ግን ባንዴ ገባት። ፀሐይ እየሞቃት በረዳት።

ድቡልቡል አለቀሰ። እናታቸው በእርጥብ እጇ ሮጣ መጣች። «ምን ሆኖ ነው?»

«እንቅልፉ መጥቶ ነው» አለች ወላቄ። መነጽሩን ከጀርባዋ ደብቃለች። ድቡልቡል ቀና ብሎ አያት እንጂ አላሳበቀባትም። ከቁጣ ይልቅ ይሄ ዝምታው አንገበገባት። መነጽሩን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰችው።

በማግስቱ በክፍሉ ልጆቹ ያዩትን ሊናገሩ እጃቸውን አወጡ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ስለ ድመቷ ምላስ ሻካራነት ተናገረች። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ዝናብ መስተዋት ላይ እንዴት እንደሚሮጥ ተናገረ፤ የትኛው ጠብታ እንደቀደመም ጨመረበት። የወላቄ ተራ ደረሰ። ዛሬ ድቡልቡልም አብሯት መጥቶ ከጎኗ ተቀምጧል።

ወላቄ ስለ ጉንዳኑ ተናገረች። ስለ እግሮቹ፣ ስለ ቀንዶቹ፣ ሰላምታ ስለ መስጠቱ፣ ከራሱ የሚበልጥ ሸክም ስለ መሸከሙ።

«እንዴት አድርገሽ ብታዪው ነው!» አሉ ሲስተር። «ጎሽ የኔ ልጅ!»

«የት ነው ያለው? ሄደን እንየው!» አሉ ልጆቹ።

ድቡልቡል ጫማውን ያያል። የወላቄ እንባ መጣ።

«የለም» አለች። «ገደልኩት። ያባዬን መነጽር ሳላስፈቅድ ወስጄ በፀሐይ አቃጠልኩት። ከዚያ እፍ አልኩበት፤ አልተነሣም። እማዬንም ዋሸኋት።»

«ጉንዳን እኮ ነው!» አለ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፤ አዝኖላት ነው።

ሲስተር ወደ እሱ ዞር አሉ። «እስቲ አንድ ሥራልኝ» አሉት።

ልጆቹ ሳቁ። ሲስተር ግን አልሳቁም። ጠበቁት። ልጁ እጆቹን አየ። የልጆቹም ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«የዓለም ሐኪምና መሐንዲስ ሁሉ ቢሰበሰብ፣ ሁላችንም ሳንባችን እስኪያልቅ እፍ ብንል፣ ያንን ጉንዳን አናስነሣውም» አሉ ሲስተር። «ያ እስትንፋስ የአንድ የእግዚአብሔር ብቻ ነው። ምድርን ለሰው ሲሰጥ ደግሞ እንዲጠብቃት ብሎ ነው የሰጠው።» ከዚያ በወላቄ ፊት ተንበርክከው እንባዋን ጠረጉላት።

«ይቅር ይለኛል ሲስተር?»

«ተጸጽተሽ ስትለምኚው ይቅር ይላል። ግን ሌሎችም ይቅርታ የምትጠይቂያቸው ያሉ ይመስለኛል።»

ሁሉም ወደ ግቢ ወጡ። ሲስተር ልጆቹን በሆዳቸው ሣሩ ላይ አስተኟቸው፤ እሳቸውም ከጎናቸው ተኙ። ሣሩ ውስጥ ሌላ ዓለም ነበር፦ የሚሳብ፣ የሚዘል፣ የሚጎትት፣ ክንፉን የሚያራግፍ። ሽማግሌው ካህን፣ አባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ ክፍሉ በሙሉ መሬት ላይ ተዘርሮ አገኙት።

«ምን ጠፋባችሁ?» አሉ ደንግጠው።

«ምንም አልጠፋብንም አባ» አሉ ሲስተር ሳይነሡ። «የጌታን ሥራ እያየን ነው።»

አባ ምርኩዛቸውን አስቀመጡ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ በአንድ እጃቸው መሬቱን ተደግፈው ወረዱና እንደነሱ ተኙ። ሣሩ ውስጥ የሚመላለሱትን ብዙ ጊዜ አዩ። በኋላም ቀስ ብለው «ክብር ላንተ ይሁን» አሉ፤ ልጆቹም ሳይነገራቸው «አሜን» አሉ።

ወላቄ እቤት ስትደርስ እናቷንና አባቷን አንድ ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አንድም ነገር አላስቀረችም። እናቷ መዋሸቷ እንዳሳዘናት ነገረቻት።

«መነጽሩን ከእንግዲህ ብቻሽን አትነኪውም» አላት አባቷ። «ቤቱንም፣ ወንድምሽንም ልታቃጥዪ ትችዪ ነበር። ይሄ መነጽር ለማየት ነው የተሠራው፤ ነይ፣ በኔ እጅ ሆኖ እዪ።»

ከመስኮቱ ርቆ ጥላ ውስጥ ተቀመጠ፤ ድቡልቡልን ጭኑ ላይ አደረገና መነጽሩን በልጁ ዓይን ፊት ያዘው። ወላቄ ጎንበስ ብላ አየች። ቡናማ ብቻ ይመስላት የነበረው የወንድሟ ዓይን ውስጡ ወርቅ ነበረው፤ የመሐሉ ጥቁር ክብ ዙሪያ በቀጫጭን ጨረር የተሞላ ነበር። ሁለት ጨረር እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። መሐሉም ሲሰፋና ሲጠብብ ታየዋለች፤ ማንም ሳያዘው፣ ራሱ።

«ምን ይታያል?» አለ ድቡልቡል።

ወላቄ ባለፈው ሳምንት ከሲስተር የሰማችው፣ እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ፈጠረ የሚለው ቃል፣ ከፊቷ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ያርገበግባል።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። «ጉንዳንህን ስለገደልኩብህ። በኔ የተነሣ ስላለቀስክም።»

ድቡልቡል እጁን ዘርግቶ አንገቷን አቀፈና «እሺ» አለ።

ልጆች፣ ሕይወትን የሚሰጥ እግዚአብሔር ብቻ ነውና፣ የሠራውን ሁሉ፣ እጅግ ትንሹንም ቢሆን፣ እያደነቅን ልንጠብቀው ይገባናል።