ከባትሪው አንድ ስንዝር

ባለጋራዡ ሲሞት የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። መርማሪዋን ከሬሳው ይልቅ ያሳሰባት ይሄ ቁልፍ ነው።

ሰውየው ኮፈኑ በተከፈተ አሮጌ ሰማያዊ መኪና ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ክረምት ከበጋ ከአንገቱ የማይለየው ሻርፕ ራዲያተሩን በሚያቀዘቅዘው ፋን ላይ ተጠምጥሞ አንቆታል። ፋኑ ከከባድ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ፣ ባለ ብረት ቅጠል ነው፤ ጉልበቱ ቀልድ አያውቅም። አሁን ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ከጀርባዋ እንጂ ፊት ለፊት ማን ደፍሮ። ጉልበቷን ስለሚያማት ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ሞተሩን አሸተተች። ዘይት ሸተታት፣ ትኩስ ጎማ ሸተታት። የተቃጠለ ሽቦ ግን አልሸተታትም። ነገሩን በልቧ ይዛ ቀና አለች።

«የእህቱ ልጅ ነው የገደለው» አለች የሟቹ ሚስት፤ የጋራዡን ቢሮ የምትይዘው እሷ ናት። ዓይኗ ደርቋል። «ኤሌክትሪኩን የሠራው እሱ። ባለፈው ሳምንት ሰው ፊት ‹አንድ ቀን የእጅህን ታገኛለህ› ያለው እሱ። እስር ቤት እንዲበሰብስልኝ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ለምን ተጣሉ?»

«ልቀቀኝ፣ የራሴን ጋራዥ ልክፈት አለ። ባሌ ደግሞ አንዴ የያዘውን አይለቅም።»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የእህት ልጅ ሠላሳ ዓመት ቢያልፈው ነው። መርማሪዋ ጣቢያ ስታገኘው ካቴና ያረፈበትን እጁን ጭኖቹ መሃል ቀብሮ ተቀምጦ ነበር።

«ፋኑን በቁልፉ በኩል ነው ያሰርኩት» አላት። «ውሃው ሲግል የሙቀት ስዊቹ ፋኑን ያስነሳዋል። ቁልፉ ከተነቀለ ግን ውሃው ቢፈላም ፋኑ አይነሳም። አጎቴ ሞተር ውስጥ እጁን ከመክተቱ በፊት ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ‹ቁልፉ ኪሴ ከገባ መኪናው ተኝቷል› ይላል ሁልጊዜ።»

«ከባትሪው በቀጥታ ወደ ሙቀት ስዊቹ የሚሄድ ሽቦ አግኝተናል። በቁልፉ በኩል የሚመጣው ደግሞ ተነቅሏል።»

«የኔ ሥራ አይደለም። ግን ማን ያምነኛል? ሚስቴ እንኳ ልትጠይቀኝ መጥታ ዓይኔን ማየት አልቻለችም።»

እውነቱን ነው፤ ያመነው የለም። ዐቃቤ ሕጉ በሦስተኛው ቀን ክስ እመሠርታለሁ ብሏል። ወይዘሮ ለምን የቀራት ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋራዡ ተመለሰች። የተጨማደደ ቆርቆሮ የሚያቃናው፣ «መዶሻ» የሚሉት ግዙፍ ሰውዬ፣ የማይሠራበትን መዶሻ ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየረ ጠበቃት።

«በዚያን ዕለት መኪናው አጠገብ ማን ነበር?»

«የመኪናው ባለቤት ሽማግሌው ነበሩ። ገና በሩን ስከፍት ደጅ ቆመው ነበር። ‹አዲሱን ፋን ልየው› አሉኝ። አስገባኋቸውና ልብሴን ልቀይር ሄድኩ። ስመለስ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ።»

«ምሳ ሰዓት ላይስ?»

«እሳቸውና ጌታው መኪናውን ነድተው ሞክረው ተመለሱ። ጌታው ሲቀር እኛ ለምሳ ልንወጣ ተነሳን። ሽማግሌው በር ላይ ደርሰው ዞር አሉና ‹ከሥር ውሃ ያንጠባጥባል መሰለኝ፣ እስቲ ጎንበስ ብለህ እየው› አሉት። ከዚያ አብረን ወጣን። ስንመለስ ያው ያዩት ነው የጠበቀን።»

መርማሪዋ ግቢው ውስጥ የቆሙትን አምስት መኪኖች አንድ በአንድ ኮፈናቸውን አስከፈተች። የሁሉንም ኤሌክትሪክ የሠራው የታሰረው ሰው ነው። ሽቦዎቹ ከባትሪ ተነስተው፣ ተጠማዘው፣ ጥቁር ፕላስተር ለብሰው ይሄዳሉ። ሽቦ ሳይነድ ቀድሞ ቀልጦ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ፊውዝ አንዱም ላይ የለም።

«ለምን ፊውዝ የለም?»

መዶሻ ሳቀ። «እዚህ ቤት? ጌታው ‹ፊውዝ የፈሪ ነው› ይል ነበር። ሁላችንም ሥራ የለመድነው ከእሱ ነው። ፊውዝ ያደረገ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሳቅበት ይውላል።»

ወደ ሰማያዊው መኪና ተመለሰች። ገዳዩን ሽቦ በጣቶቿ እየዳበሰች ስትከተል፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ፕላስተሩ አበጥ ብሎ አገኘችው። በጥፍር መቁረጫዋ ቀደደችው። ውስጡ ትንሽ የመስታወት ፊውዝ ተኝቷል፤ ሆዱ ጠቁሮ፣ ክሩ ቀልጦ። ሽቦው ግራና ቀኙ በሰም በተነከረ ክር እንደ ነጠላ ጥለት እኩል እኩል ተቋጥሯል። በዚህ ጋራዥ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ሰው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ቤት ሄደች። ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ወንበር አቅርበው አስተናገዷት።

«የሚያሳዝን አሟሟት ነው» አሉ። የሚያሳዝን ነገር ግን ፊታቸው ላይ አልነበረም።

ዓይኗን ቤቱ ላይ አዟዟረች። የመብራቱ ገመድ ላይ ትንሽ የመስታወት ፊውዝ አለ። የሬዲዮው ላይ አለ። የበሩ ደወል ላይ እንኳ አለ፤ ሽቦው በሰም ክር ተቋጥሯል። ግድግዳው ላይ አንድ ሚኒባስ ተደግፎ የሚስቅ ወጣት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«ልጅዎ ነው?»

«ነበር» አሉ ሽማግሌው። እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ በሥራ ዘመኗ ይህን ጥያቄ የዋጠችበት ቀን ጥቂት ነው።

በቀጥታ የሄደችው ወደ መዝገብ ቤት ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት የተዘጋውን የልጃቸውን አሟሟት ፋይል አቧራውን አራግፋ አነበበች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሚስትየውን፣ መዶሻን፣ ሽማግሌውን፣ ከጣቢያ ካቴናው እንዳለ ያመጣችውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። የተቃጠለውን ፊውዝ በአዲስ ቀየረች። መኪናው ውሃው እስኪግል ሠራ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋች፤ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች።

«አሁን መኪናው ተኝቷል?» አለች።

አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት። ድንገት ፋኑ አጓርቶ ተነሳ። ሚስትየው ወደ ኋላ አፈገፈገች። መርማሪዋ የባትሪውን ሽቦ ነቀለችው።

«ሞተር ሲጠፋ ውሃው መዞሩን ያቆማል፣ ሙቀቱ ግን ለጥቂት ጊዜ ይጨምራል። ገዳዩ ይህን ያውቃል። ሟቹ ቁልፉን ኪሱ ከከተተ እንደማይፈራም ያውቃል። የሚቀረው ሻርፑን እንዳደረገ እንዲያጎነብስ ማድረግ ነው።»

«ይሄው አይደል!» አለች ሚስትየው ወደ ታሳሪው እየጠቆመች። «ይህን ሁሉ የሚያውቀው እሱ ነው።»

«እሺ። እሱ ቢሆን ግን ሽቦው ላይ ፊውዝ አይኖርም ነበር። ፋኑ ሻርፑን ጠምጥሞ ሲቆም ሽቦው ግሎ መጨስ ነበረበት። አልጨሰም፤ ፊውዙ ቀድሞ ተቃጠለ። እዚህ ጋራዥ ሥራ የተማረ ሰው እንኳን ለመግደያ ለደንበኛም ፊውዝ አያደርግም። ይህን ሽቦ የዘረጋው የዚህ ቤት ሰው አይደለም።»

ሁሉም ዞረው ሽማግሌውን አዩ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ከስምንት ዓመት በፊት» ስትል ቀጠለች፣ «እዚህ ጋራዥ መብራት የተሠራለት ሚኒባስ ነደደ፤ ውስጡ እረፍት ያደርግ የነበረው ሾፌር፣ የእኚህ ሰው ልጅ፣ ሞተ። ባለጋራዡ ለፖሊስ ‹ሽቦውን የነካካው ራሱ ሟቹ ነው› ብሎ ቃሉን ሰጠ። አንድ ምስክርም ፈረመለት።» መዶሻን አየችው።

መዶሻ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ» አለ። «ልጁ ምንም አልነካም። ሽቦውን ያለ ፊውዝ የዘረጋው ጌታው ነው።»

ሚስትየው አፏን በእጇ ያዘች።

«ልጄን ጥፋተኛ ብለው መዝገቡን ዘጉት» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ ዕቃ ሳይጠይቅ የማይነካ ልጅ ነበር። እኔ ያሳደግኩት ልጅ ሽቦ ያለ ፊውዝ ሊቀጥል? ሰውየው ከዚያ በፊት እኔን አይቶኝ አያውቅም። መኪናዬን ላሠራ ብዬ ወር ሙሉ እየመጣሁ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደሚያጎነብስ አየሁ፣ ቁልፉን የት እንደሚከት አየሁ። ሽቦውን ቤቴ አዘጋጅቼ መጣሁ፤ ይሄ ሰው ልብሱን ሲቀይር ገጠምኩት። አልጸጸትም።»

«ያ ፊውዝ ባይኖር አልደርስብዎትም ነበር፣ አባቴ። ለምን አደረጉት?»

ሽማግሌው ጥያቄው የገረማቸው መሰሉ። «ሽቦው ቢነድ ጋራዡ ይያያዛላ። ውስጡ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ የመጣሁት ለአንድ ሰው ነው።»

«ይሄኛውስ?» መርማሪዋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን የታሰረ እጅ ከፍ አደረገች። «ልጅዎን ያልነካውን ሽቦ ነካህ ብለው ቀበሩት። ይሄም የሰው ልጅ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ያልነካውን ሽቦ ነካህ ሲባል፣ እርስዎ ቤትዎ ቁጭ ብለው ሬዲዮ ይሰሙ ነበር።»

ሽማግሌው ካቴናውን አዩ። ከዚያ የሰውየውን ፊት አዩ፤ ያዩት ገና አሁን ነው። ኮፍያው ከጉልበታቸው ወደቀ፣ አላነሱትም።

«ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስጠይቅ ኖርኩ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው እንዴት ቢጨክን ነው በሌላው ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርገው እያልኩ። ለካ ምንም አይከብድም። ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።»

ተነስተው ሁለት እጃቸውን ለመርማሪዋ ዘረጉ። ካቴናው ከአንዱ እጅ ወልቆ የሌላው ላይ ሲገባ ሚስትየው ቀና ብላ አላየችም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንጓውን እያሸ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ኮፍያውን አነሳ፤ አቧራውን አራግፎ ሽማግሌው ራስ ላይ አደረገላቸው።