ጸጥታው ሲጎላ

አራጋው ዘፈን የሚቀዳው በቀትር ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ ከብረት በያጁ ጎን በአንዲት ሰርቪስ ቤት ለሚኖር ሰው ሌላ ሰዓት የለም፤ ጠዋት መፍጫው ያፏጫል፣ ከሰዓት በኋላ መዶሻው ይወርዳል፣ ማታ ደግሞ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የእድር ስብሰባ ይቀመጣል። በያጆቹ ለምሳ ሲበተኑና ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስታግለው ግን ዶሮ እንኳ ለመንጫጫት ትሰንፋለች። ያኔ አራጋው መስኮቱ ላይ አሮጌ ፍራሽ ያቆማል፣ በሩ ላይ ድርብ ብርድ ልብስ ይሰቅላል። ውጭው ዓይን በሚያጠፋ ብርሃን ሲነድ ውስጡ እንደ ጎተራ ሆድ ይጨልማል፤ የሚታየው የላፕቶፑ ስክሪንና ከድምፅ ጋር የምትዘል አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቻ ናት። ክፍሉ ላብ፣ ስፖንጅና የጋለ ሽቦ ይሸታል።

ማይክ ሲሞክር እንደ ሌላው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» አይልም። ቀልደኛ ነው። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ሹም እንደጠራው ባላገር፣ «አቤት፣ አቤት» ይላል። ዘፋኞቹ ይስቃሉ፣ ሳቃቸው ጉሮሯቸውን ያፍታታዋል፤ እሱም መስመሯ የት ድረስ እንደዘለለች አይቶ ቮልዩሙን ያስተካክላል። ለብቻው ሲሆንም ያው ነው። ማንም ሳይኖር፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ «አቤት፣ አቤት»።

ዕዳው የመጣው በአንድ ሰርግ ነው። የደሴ ስቱዲዮ የሠራው ዘፈን ድንኳኑን ሲያናውጠው ቆይቶ አራጋው የቀዳው የሰዓዳ ዘፈን ሲከፈት፣ ሰው ሁሉ መብራት የጠፋ መስሎት ቀና አለ። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ «አራጋው፣ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ሐሜት?» አለው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሰዓዳም አብራ ሳቀች፤ ያቃጠለው የሷ ሳቅ ነው። ሰዓዳ የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ እሱ ነው ለቅሶ ቤት እንኳ የማያስቆማትን ዓይን አፋርነቷን አስጥሎ ማይክ ፊት ያቆማት። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፣ ታላቅን ሁለቴ አታስጠራም፤ በዚያው ሥርዓቷ፣ አዲሱ ዘፈንም እንዲሁ አንገቱን ከደፋ ወደ ደሴ እንደምትሄድ ነገረችው። ከሷ በቀር ደግሞ ደጁን የሚረግጥ ዘፋኝ አልቀረውም።

ስለዚህ አራጋው ከስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ኮምፕረሰር የሚሉትን ተማረ። ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚጮኸውን አናቱን ይጫነዋል፣ ከዚያ ሁሉንም ባንድ ላይ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ሹክሹክታው ከጩኸቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ሰዓዳ አዲሱን ዘፈን ቀድታ በሄደች ማግስት ሄድፎኑን አጥልቆ ይጫንና ያነሳ ጀመር። ዘፈኑ እውነትም ወፈረ። ግን ከዘፈኑ ጋር ጸጥታውም ወፈረ። መጀመሪያ የልጅቱ ትንፋሽ ወጣ፣ ከዚያ ምራቋን ስትውጥ፣ ከዚያ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣ ፍራሹ ውስጥ የምትቧጥጥ የነቀዝ ዘር እንኳ እንደ ሰው ስታኝክ ተሰማች። አራጋው ደስ አለው። ትንሽ ጨመረ።

ከዘፈኑ በፊት የራሱ «አቤት» አለች። ከሷ በፊት ደግሞ፣ ሊቆርጠው ሲል፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ የመጣ የሚመስል ድምፅ፣ «አራጋው» አለ።

መንገደኛ ነው ብሎ ቆርጦ ጣለው።

በነጋታው አራጋው ሳሙና ሲጠይቀው የኪዮስኩ ሰውዬ «ምን አልክ?» አለው። ደግሞ ጠየቀው። «ምን አልክ?» ሲል ጆሮውን አስጠጋ። ቤት ገብቶ ማይኩን ቢሞክር መስመሯ ከድሮዋ ግማሽ ዘለለች። ገመዱን ቀየረ፣ ሶኬቱን በቢላ ጫፍ ፋቀ፣ ማይኩን እንደ ታመመ ሕፃን አቀፈው። ሰዓዳ የቀረ ስንኝ ልትቀዳ መጥታ ስትዘፍንበት መስመሯ እስከ ቀዩ ትዘላለች፤ እሱ «አቤት» ሲልበት ትንሽ ብድግ ብላ ትተኛለች። ልጅቱ ሳቀችበት። «አያ፣ ድምፅህን ለማን አዋስከው?» አለችው። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለራሱም በደንብ አልተሰማውም።

ያን ቀትር፣ እሷ ከሄደች በኋላ፣ የድሮ ቅጂዎቹን አንድ ባንድ ከፈተ። የሁሉንም መጀመሪያ ጎትቶ፣ ጸጥታውን ከፍ አደረገው። ያ ጥሪ የሌለበት አልነበረም። በአሮጌዎቹ ውስጥ ድምፁ ሩቅ ነው፣ ነፋስ የሚያመላልሰው፤ ቀጥሎ መንገዱ ላይ፣ ቀጥሎ ግቢው ውስጥ፣ ቀጥሎ ከብርድ ልብሱ ወዲያ። አንዴ ይጠራል፣ ዝም ይላል። ከዝምታው በኋላ የአራጋው ቀልድ ትመጣለች፤ «አቤት፣ አቤት»።

በመጨረሻው ቅጂ ላይ ማይኩን ሊስም የቀረበ ትንፋሽ ነበር። ያኔ ድምፁን አወቀው። የስሙን ጭራ፣ የባዘነ በሬ እንደሚመልስ ሰው እየጎተተ የሚጠራው አጎቱ ይመር ብቻ ነበር።

በቀትር በስምህ የጠራህ ካለ ሦስት ጊዜ እስኪጠራህ አቤት አትበል ይባላል፤ ሰው ሦስቴ ይጠራል፣ ያኛው፣ የቀትር ጋኔኑ፣ ከአንዴ በላይ አይጠራም። አጎቱ ይመር ማሽላ ሲጠብቅ ተጠርቶ ባንዴው አቤት ያለ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት አንዲት ቃል አልወጣውም። አራጋው ይህን ለዘፋኞቹ እያጋነነ ያወራው ነበር፣ አጎቱን ዲዳ እየሆነ ያሳያቸውም ነበር። አንዲቱን ነገር ብቻ ይዘላታል፤ ሽማግሌው ልጆቹ መሐል አፉን ይዞ ተቀምጦ እያለ፣ ቀትር በሆነ ቁጥር ማሽላው ውስጥ ልጆቹን በየስማቸው የሚጠራው የሱ የራሱ ድምፅ ነበር። ይህችን ሲደርስ ማንም አይስቅምና ይተዋታል።

ማይኩን ነቅሎ መጣል አሰበ። ግን ሰዓዳ ያለቀውን ዘፈን ልትሰማ በማግስቱ ቀትር ልትመጣ ነው፤ ዘፈኑም እንደ ነጎድጓድ ሆኖለታል። ካሁን በኋላ «አቤት» አልልም፣ እንደ ሰው «አንድ ሁለት» እላለሁ ብሎ ለራሱ ማለ፤ ቢያንስ ከንፈሩ ማለ።

በማግስቱ ፍራሹን አቆመ፣ ብርድ ልብሱን ሰቀለ፣ ሄድፎኑን አጠለቀ። ማይኩ ፊት ቆሞ «አንድ ሁለት» አለ። መስመሯ አልተነቃነቀችም። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው አዞረው፤ ጆሮው ውስጥ ዝናብ የሚመስል ሹሹታ ሞላ። ጮኸ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ምራቁ ስክሪኑ ላይ ተረጨ፣ ደረቱ አቃጠለው። በሹሹታው ውስጥ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ፍራሹ ያኝካል፣ ከግቢው በር ጠጠሩን እየረገጠ የሚመጣ ነጠላ ጫማ ይሰማል፤ የሱ ድምፅ ግን የለበትም።

ድንገት መስመሯ ብቻዋን ተነሳች። አረንጓዴውን አልፋ ቀዩ ውስጥ ገባች፣ እዚያው ቆመች። ከማይኩ አጠገብ፣ ማንም ከሌለበት ጨለማ፣ የአራጋው ድምፅ፣ ወፍራም፣ ንጹሕ፣ በየሰርጉ እንዲሰማለት የተመኘውን ያህል ጎልቶ፣ «ሰዓዳ» አለ።

ውጭ ነጠላ ጫማው ቆመ። አራጋው ወደ በሩ ሲወረወር የሄድፎኑ ገመድ አንገቱን ያዘው፣ ብርድ ልብሱ ላዩ ላይ ወረደበት። አንዴ ብቻ ነው የተጠራችው፣ ሁለት እስኪሞላ ዝም ብትል፣ ሦስት ባይሞላ ብትሄድ በልቡ እያለ፣ ላብ በሚሸተው ጨርቅ ውስጥ እጁ መወርወሪያውን ይፈልጋል፣ አፉ እስከ ጥጉ ተከፍቷል።

«አቤት፣ አቤት» አለች ሰዓዳ፣ እንደሱ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እየሳቀች።