በኖኅ ስም

ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ። ስልካችሁን አስቀምጡት አልላችሁም፤ የማጫውታችሁ ነገር ራሱ ከስልክ ነው የተነሣው። በገዛ ቃሏ ስለቀናች ልጅ ነው። ሰው በገዛ ቃሉ ይቀናል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ስሙኝማ።

ልጅቷ ሩሐማ ትባላለች። በረዶ አገር፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ታራዴል ሰፈር፣ የእትዬ ፀሐይን ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ ተከራይታ መጋዘን ውስጥ ትሠራ ነበር። እትዬ ፀሐይ ኖኅ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። እዚያው የተወለደ ነው፤ አማርኛ ይናገራል፣ እንግሊዝኛም ጣል ጣል ያደርግበታል፤ ፊደሉን ግን አይለየውም። እንጀራው ጎማ መቀየር ነው። ክሪኩንና መፍቻውን ቫኑ ውስጥ ጭኖ ደንበኛው ደጅ ድረስ ይሄዳል፤ በረዶው ሳይበረታ የበጋውን ጎማ ያወልቃል፣ የክረምቱን ያስራል። እጁ ቀልጣፋ ነበር። የሚደውልለት ሰው ግን አልነበረም።

የተዋወቁት ሩሐማ ቤቱን በተከራየች ሰሞን፣ በመጀመሪያው በረዶ ነው። ወደ ሥራ ስትወጣ መኪናዋ ተንሸራተተችና የቆመውን ቫን ከኋላ ገጨችው። ኖኅ ከቤት ወጣ። ጎንበስ ብሎ ያየው ግን ቫኑን ሳይሆን የእሷን ጎማ ነበር።

«በዚህ ነው በረዶ ላይ የምትነጂው? ሲርየስሊ?»

«ጎማ አይደለም እንዴ?»

«የበጋ ጎማ ነው፣ እህቴ። በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ መሮጥ በይው።»

ከቫኑ የክረምት ጎማ አውርዶ፣ እዚያው ተንበርክኮ ይቀይርላት ጀመር። አንዷ ብሎን ዝጋ እምቢ አለችው። አልተሳደበም። አፉን ጠጋ አደረገና፣ «ነይ እንጂ፣ አታኩርፊብኝ። ስንት ጊዜ ነው የምለምንሽ?» አላት ብሎኗን።

ሩሐማ ሳቀች፤ ሳታስበው በስልኳ ቀረጸችው። አስፈቅዳ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ የኖኅ ስልክ ማረፊያ አጣ።

«አየህ?» አለችው። «ሰው ጎማ አይከተልም። የሚከተለው ሰው ነው። ማስታወቂያህ ቫንህ ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን አንተ ራስህ ነህ። ፊትህን አሳይ።»

«ፊቴ ምን አለው?»

ቀና ብላ አየችው። ጉንጩ ላይ ጥቁር ቅባት ነበር። መልሱ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ለጎማ ይበቃል» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ተከፋፈሉት። እሱ ብሎን ይለምናል፤ እሷ ትቀርጻለች፣ ትቆራርጣለች፣ በአማርኛ ለሚጻፍለትም በእሱ ስም ትመልሳለች። «የኔ እናት፣ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ቀስ ብለሽ ንጂ። የሚጠብቅሽ ሰው አለ» ብላ ትጽፋለች። እንዲህ ያለው ቃል ከየት ይመጣላታል? ራሷ ከሥራ ወጥታ በበረዶ ስትነዳ ማንም ያላላትን ነው የምትጽፈው። ከማን አፍ ልትሰማው እንደምትፈልግም ታውቃለች።

አንድ ደንብም አወጣች። «ፍቅረኛ አለችኝ እንዳትል። ተከታይ ይቀንሳል።»

«የለችኝማ።»

«ብትኖርህም።»

ኖኅ አየት አደረጋትና ክሪኩን አነሣ።

ታዲያላችሁ፣ ገጹ ሲያድግ የሴቱም ቁጥር አደገ። «ምነው ያቺን ብሎን ባደረገኝ!» ያለችም አለች። ሩሐማ ይህን ስታነብ ጥርሷን ነከሰች። በዛገ ብሎን እንኳ ቀንታለች፣ ሌላውን ተዉት።

ከሁሉ የባሰችባት ከካልጋሪ ወጣ ብሎ፣ ቸስተርሚር የምትኖረው ሮሚ ናት። ሐይቁ ዳር የተነሣችው ፎቶ አላት፤ ሩሐማ አጉልታ አጉልታ እንከን ፈልጋ አጣችበት። ሮሚ በየቪዲዮው ሥር ትጽፋለች። ሩሐማ ደግሞ ለሥራው ብላ በሞቀ ቃል ትመልስላታለች። ቃሉ በሞቀ ቁጥር ሮሚ ትቀርባለች፤ ሮሚ በቀረበች ቁጥር ሩሐማ ትቃጠላለች። እሳቱን የምታነደው ራሷ፣ የምትለበለበውም ራሷ።

አንድ ቀን ሮሚ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ኖኅዬ፣ መልስህን ሳላነብ መኪና አላስነሣም። ቅዳሜ ለጎማዬ ስትመጣ እማዬ ምሳ ጋብዛሃለች።»

«ምን አለች?» አለ ኖኅ በትከሻዋ ላይ አጮልቆ።

«ስለ ጎማ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ስለ ጎማ?»

«ትልቅ መኪና ነው ያላት።»

ያን ዕለት የሮሚ እናት ሲያጎርሱት፣ ሮሚ አጠገቡ ተቀምጣ ስትስቅ በሩሐማ ዓይን ላይ ይመጣባታል። ጣቷ ከአእምሮዋ ቀደመና፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ በእሱ ስም ጻፈች፦ «ከእንግዲህ አትጻፊልኝ። ልቤ ተይዟል።»

ሮሚ ዝም የምትል አልነበረችም። ጽሑፉን ራሷ ገጽ ላይ ለጠፈችና፣ «እኔ ጎማ ነው የጠየቅሁት፤ ልብህን ማን ጠየቀህ?» ብላ ጨመረችበት። የካልጋሪ አበሻ ሳቀ። ደንበኞቹ «ጉረኛ!» እያሉ ቀጠሯቸውን ይሰርዙ ጀመር። የኖኅ የዓመት እንጀራ ደግሞ ያቺው የጎማ ወቅት ናት፤ እሷ በከንቱ ካለፈች ቫኑን ሸጦ ለሰው መቀጠር ነው።

እሱ ምን እንደተጻፈ እንኳ አያውቅም። ያነበቡለት እናቱ ናቸው፣ ቁርስ ላይ፣ መነጽራቸውን አድርገው።

«ልቤ ተይዟል ይላል። ማን ናት? ለእኔ ሳትነግር ለቸስተርሚር ትነግራለህ?»

«እማ፣ እኔ እኮ መጻፍ አልችልም።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ እትዬ ፀሐይ፣ ወለሉን፣ ማለትም የቤዝመንቱን ጣሪያ፣ በእግራቸው መታ መታ አድርገው።

ኖኅ ሲወርድ ሩሐማ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትከት ነበር።

«የት ነው?»

«ፎረስት ሎን ሰፈር ክፍል አላጣም። ሥራህን አበላሸሁብህ።»

«መጀመሪያ አንብቢልኝ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። በእኔ ስም ያልሽውን።»

አነበበችለት። «የሚጠብቅሽ ሰው አለ» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ። የመጨረሻው ላይ እንባዋ ቀደማት። ኖኅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ያ ሁሉ ቃል በስሙ ሲዞር ከርሞ እሱ ገና መስማቱ ነበር።

«ሮሚን ለምን እንደዚያ አልሻት?»

«ቀንቼ።» ዓይኗን ከሻንጣው አላነሣችም። «ምሳ እንዳትበላ።»

ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ቀጠሮዋን እኮ አልሰረዘችም» አለ። «ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። አንቺ ትነግሪያታለሽ።»

ቅዳሜ ቸስተርሚር በሩን የከፈተችው ሮሚ በአካል ከፎቶዋም ትበልጥ ነበር። ሩሐማ ይሄንንም ቻለችው።

«መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች በአንድ ትንፋሽ። «የመጨረሻውን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም። እሱ ፊደል አያውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሮሚ ኖኅን አየችው፤ ሩሐማን አየቻት። «ቀስ ብለሽ ንጂ የምትዪኝ... አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ወንድ እንዲህ መጻፉ ገርሞኝ ነበር!» ሳቀች፤ ሳቋ ግን መጨረሻው ላይ ትንሽ ተሰበረ። «ስንቱን ቀን ስወድ የከረምኩት አንቺን ነዋ! በሉ ጎማዬን ቀይሩልኝ። ምሳውን ግን ሁለታችሁም ትበላላችሁ፤ እማዬ ሠርታ ጨርሳለች።»

ኖኅ ስልኩን ለሮሚ ሰጣትና፣ «ላይቭ አድርጊው» አላት። ሩሐማ እንደ ልማዷ ከካሜራው ኋላ ልትሆን ስታፈገፍግ እጇን ያዛት።

«መልሶቼን የምትጽፈው እሷ ናት» አለ ለሚያየው ሁሉ። «ሮሚን ማስቀየማችን ስህተት ነው፤ ሶሪ። የተጻፈው ነገር ግን ውሸት አይደለም። ተይዟል። እኔ ነኝ መጻፍ ያቃተኝ።»

ሩሐማ ፊቷን አዞረች። «ደንቡስ?» አለች በሹክሹክታ። «ተከታይ ይቀንሳል።»

«ይቀንሳ!» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ነይ እንጂ፣ አታኩርፊብኝ። ስንት ጊዜ ነው የምለምንሽ?»

ተከታይ እውነትም ቀነሰ። «ያቺን ብሎን ባደረገኝ» ያለችው ቀድማ ሄደች። ዳሩ ግን በረዶው በበረታ ማግስት የኖኅ ስልክ መጮህ ጀመረ፤ ብዙዎቹም «ልጅቷን ይዘህ ና» ይሉት ነበር። ቫኑም ሳይሸጥ ቀረ።

እትዬ ፀሐይ አሁን እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልጃቸውን ፊደል ያስቆጥሩታል። ኖኅ በገዛ ጣቱ የጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ለደንበኛ አልነበረም። ሩሐማ ከሥራ ስትወጣ፣ የመኪናዋ መስታወት ላይ ያለውን በረዶ ሳትጠርግ፣ ስልኳ ላይ አገኘችው። ቃሉ ከእሷው የተሰረቀ ነው፦

«መንገዱ ያንሸራትታል። ቀስ ብለሽ ንጂ። የሚጠብቅሽ ሰው አለ።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ በረዶ ሲጥል መኪናችሁን ከማስነሣታችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ልጆች አንድ አፍታ አስቡልኝ። አደራ፣ ቀስ ብላችሁም ንዱ።